በአንድ ዓይን የተሣሉት ካርዶች

ይድረስ ለእትዬ ካሳነሽ፣

ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? ክረምቱስ በደህና ወጣልዎ? የላሟ ነገርስ? እኔና ልጄ ሄለና፣ የደብራችን ሚካኤል አልተለየንም፣ ደህና ነን። የባለቤቴን የሉሊትን ነፍስ ይማርና፣ ሙት ዓመቷን እዚሁ ኦክላንድ ቤተ ክርስቲያን አስበን ዋልን።

እትዬ፣ ከሥራ ወጥቻለሁ። ከሰው አፍ ከሚሰሙት ከእኔው ይስሙት።

ሳን ሆዜ፣ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ እንደምሠራ ጽፌልዎ ነበር። ባለፈው ሳምንት ባለሱቁ አንድ ካርቶን ሙሉ ካርድ አመጣና መስኮቱ ላይ ደርድር አለኝ። የጥንት ትምባሆ ሻጮች ለማስታወቂያ ያድሉት የነበረ ነው። ብገልጠው ፊቱ ሁሉ በጎን የተሣለ፣ አንድ ዓይን ብቻ የፈጠጠ፣ ከንፈሩ እንደ ጉበት የተንጠለጠለ። አባታችን የደብሩን ግድግዳ ሲያሳዩን፣ ክፉ በአንድ ዓይን፣ ጻድቅ በሁለት ዓይን ይሣላል ይሉን አልነበር? እኔ ሞኙ ሰይጣን መሰለኝ። ከትምባሆ ራቁ ብለው የገሠጹበት ነው ብዬ፣ እሰይ፣ እነዚህም እግዚአብሔርን ይፈሩ ነበር አልሁ።

አብሮኝ የሚሠራው ደምሴ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «የምን ሰይጣን ነው ጋሼ! ጥቁር ሰው እኮ ነው። እየሳቁበት ትምባሆ እንዲገዙ ነው» አለኝ። ፊቴ ሲለዋወጥ አይቶ ደግሞ «እኛ ምን አገባን፣ ሐበሾች ነን» አለ።

እውነቱን ልንገርዎ፣ ይህች ቃል ለአፍታ ጣፈጠችኝ። ኋላ ግን ራሴን ጠየቅሁ። አውቶቡስ ላይ ከጎኔ ተነሥቶ የሚሄደው ሰው አገሬን ጠይቆ ነው? ባይመለከተኝስ፣ እግዚአብሔር በአርአያው የፈጠረውን ፊት መሳቂያ ላድርገው? ሉሊት ስትታመም ሾርባ ያመላለሱልን ጎረቤታችን ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው። የእሳቸውን ፊት ነው መስኮት ላይ የምደረድረው?

ባለሱቁን በተሰባበረው እንግሊዝኛዬ አላደርገውም አልሁት። ታሪክ ነው አለኝ። ታሪክ ከሆነ ዋጋ ለምን ተለጠፈበት አልሁ። ወይ ደርድር ወይ ቁልፉን አስቀምጥ አለ። ቁልፉን አስቀመጥሁ። ደምሴ በር ድረስ ተከትሎኝ «ጋሼ፣ የቤት ኪራዩን ሚካኤል ይከፍልልዎታል?» ቢለኝ፣ «እስከ ዛሬስ ማን የከፈለ መሰለህ?» አልሁት። አይስጉ፣ እዚሁ አጠገባችን ሄይዋርድ ከተማ፣ መጋዘን ውስጥ ሥራ ጠይቄአለሁ።

ፎቶህን ላክ ሲሉኝ ነበርና የዚያኑ ዕለት ፎቶ ቤት ገባሁ። አንሺው ወደ ጎን ዞር በል፣ ያምርብሃል ቢለኝ እምቢ አልሁ። ከአባታችን ፎቶ አጠገብ ይስቀሉልኝ።

ማንደፍሮን፣ ዘነቡን፣ ልጆቹንም ሁሉ በየስማቸው እየጠሩ ይሳሙልኝ። ፎቶውን ያሳዩአቸው፤ ሁለቱንም ዓይኑን ገልጦ ያያችኋል ይበሏቸው።

ወንድምዎ ብርሃነ መስቀል
ኦክላንድ፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፹፯ ዓ.ም.