እህቴ ራሷ መጥታ አሥራ ሁለት መቀስ እንድታስረክብ ለጠሯት ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የልጆችና የታዳጊዎች ማዕከል ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት።

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት እንደሰነበተ፣ ያስቸገረዎት ወገብዎ ሻል ብሎት እንደሆነ፣ በቅርቡ ለቢሮዎ የተገዛልዎት የሚሽከረከር ወንበርም ተስማምቶዎት እንደሆነ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኛ ደኅና ነን። እኛ ስል አሥራ አራት ልጆችና እኔ ማለቴ ሲሆን፣ የምንገኘውም በማዕከልዎ ውስጥ፣ ወደ ቢሮዎ በሚያወጣው ደረጃ ላይ ነው። ላለፉት ስድስት ሳምንታት ከትምህርት ቤት ስንለቀቅ፣ ከዘጠኝ ሰዓት ተኩል ጀምሮ እዚያው ተደርድረን የቤት ሥራ ስንሠራ ስለቆየን፣ ክቡርነትዎ ሲወጡና ሲወርዱ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያሉ የሚሻገሯቸው ጉልበቶች የእኛ ናቸው። በዚህ ሁሉ ጊዜ የረገጡት ሁለት ደብተር ብቻ መሆኑን በምስጋና መዝግበናል።

ማንነቴን ለመግለጽ ያህል፣ እኔ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ስሆን፣ በማዕከልዎ ቁጥር ስድስት የሚባለውን የቤት ሥራ ክፍል ለአራት ዓመት ስትመራ የኖረችው ሠራተኛዎ ታናሽ ወንድም ነኝ። ልጆቹ «በተራ፣ በተራ» ማለት ስለምታበዛ «እትዬ በተራ» ይሏት ነበር። እህቴ ከሁለት ወር በፊት፣ አሥራ አንድ ቀን ብቻ ታማ ዐርፋለች። ይህን የማነሣው አዲስ ነገር ለመንገር አይደለም፤ ክቡርነትዎ በቀብሯ ላይ በአካል ተገኝተው ለስድስት ደቂቃ ያህል ንግግር አድርገዋልና። በንግግርዎ መካከልም «የእሷን ቦታ ማንም ሊተካው አይችልም» ብለው ነበር። በጊዜው ለማጽናናት ያሉት መስሎን አለቀስን፤ የሥራ መመሪያ መሆኑ የገባን ቆይቶ ነው።

ቅሬታዎቼን ከዚህ በታች በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ እህቴ በተቀበረች በአምስተኛው ቀን፣ ያለ ፈቃድ ከሥራ ገበታዋ ስለቀረች በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ ቀርባ ማብራሪያ እንድትሰጥ የሚያዝዝ፣ በክቡርነትዎ ፊርማ የወጣ ደብዳቤ ቤታችን ደርሷል። በሳምንቱ ሁለተኛው መጣ፤ ይኸኛው ትንሽ ቆጣ ያለ ነበር። ሦስተኛው «የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ» የሚል ርእስ ነበረው። እህቴ በአራት ዓመት ውስጥ ያረፈደችው አንድ ቀን ሲሆን፣ እሱም አንድ ልጅ ጭንቅላቱን በግቢው አጥር ብረት መካከል አስገብቶ አልወጣ ስላለው ነበር፤ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ መቀበሏን ብታውቅ በእርግጥ ታፍር ነበር። ሆኖም ስለ ሦስተኛው ደብዳቤ ላመሰግንዎ እወዳለሁ። «በሥራ ገበታዎ ላይ ባለመገኘትዎ ከፍተኛ ጉዳት ደርሷል» የሚለውን መስመር እናቴ ሁለት ጊዜ ደጋግማ አንብባ፣ «ሊያጽናኑን ከመጡት ሁሉ እውነቱን የተናገረ ይሄ ወረቀት ነው» ብላ አጣጥፋ ከእህቴ ፎቶ ኋላ አስቀምጣዋለች። ክቡርነትዎ ሳያስቡት ያደረጉት ቢሆንም ደግ ሥራ ደግ ሥራ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ርክክብ። የቁጥር ስድስት ክፍል በር ላይ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ተለጥፎ «ንብረቱ እስኪረከብ ታሽጓል» ይላል። ንብረቱ ሃያ ሁለት ትንንሽ ወንበር፣ አምስት ጠረጴዛ፣ አሥራ ሁለት መቀስ፣ አንድ የዓለም ካርታና አንድ የተነፈሰ ኳስ ነው። የማዕከሉ የስፖርት መምህርት ክፍሉን ተረክባ ልጆቹን ለመያዝ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ፈቃደኛ ናት፤ ችግሩ በርክክብ ቅጹ «ተረካቢ» በሚለው ላይ የምትፈርመው «አስረካቢ» በሚለው ላይ አስቀድሞ ከተፈረመ ብቻ መሆኑ ነው። ስለዚህ ወደ ንብረት ክፍል ኃላፊው ሄጄ ነበር። እሳቸውም መነጽራቸውን አውልቀው «የኔ ልጅ፣ ሐዘናችሁ ሐዘኔ ነው፤ ግን መቀሶቹን ራሷ መጥታ ቆጥራ ታስረክብ» አሉኝ። መምጣት እንደማትችል ስነግራቸው «እሱማ ገብቶኛል፤ እንግዲያው ውክልና ትስጥህና አንተ ታስረክባለህ» አሉ። ውክልና ለመስጠትም መምጣት እንደሚያስፈልጋት ሳስረዳ መሐረባቸውን አውጥተው ከልባቸው አለቀሱ፤ እህቴ በየበዓሉ ልጆቹ የሠሩትን ካርድ ትሰጣቸው ነበርና። አልቅሰው ሲጨርሱ ዐይናቸውን ጠርገው ቅጹን ሳይፈርሙ መለሱልኝ። እንዲህ ያለ ልብና እንዲህ ያለ ሥርዓት በአንድ ሰው ውስጥ አይቼ አላውቅም።

ስለ ቅጹ ካነሣሁ፣ አራተኛው ጥያቄ «ከሥራ የተለዩበት ምክንያት» የሚል ሲሆን ምርጫዎቹም የተሻለ ሥራ ማግኘት፣ ዝውውር፣ ጡረታ እና የግል ጉዳይ ናቸው። ጉዳዩን ለልጆቹ አቅርቤ አንድ ከሰዓት ሙሉ ተወያየንበት። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ስለሚሄድ «አዛውንቱ» የምንለው የሰባት ዓመት ልጅ፣ ስለ ጡረታ በቂ እውቀት እንዳለው ገልጾ፣ ጡረታ የወጣ ሰው ጠዋት ጠዋት ስለሚያስል እህቴ ጡረታ አልወጣችም ሲል ተከራከረ። ብዙኃኑ ዝውውር በሚለው ተስማሙ። ከትልልቆቹ አንዱ «የግል ጉዳይ ነው፤ ማንንም አያገባም» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በዚያ ቀን የቤት ሥራውን የሠራ ስላልነበረ፣ በማግሥቱ አሥራ አራቱም በየትምህርት ቤታቸው ተቀጥተዋል። እኔ ቦታውን ባዶ ትቼ ቅጹን መለስኩ፤ ባዶ ቦታ አይፈቀድም ተብሎም ተመለሰልኝ።

ሦስተኛ፣ ስለ ደረጃው ራሱ። ጊዜያዊ መፍትሔ ብለው ስለፈቀዱልን እናመሰግናለን። ትንንሾቹ ከታች፣ ትልልቆቹ ከላይ ስለምንቀመጥ፣ እያንዳንዱ ደብተሩን ከፊቱ ባለው ልጅ ጀርባ ላይ አድርጎ ይጽፋል። ከፊት ያለው ሲስቅ የኋለኛው ጽሑፍ ይንቀጠቀጣል፤ ከፊት ያለው ሲያስነጥስ አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ይጠፋል። የአንዷ ልጅ መምህርት እናቷን አስጠርታ ልጅቷ የሚያንቀጠቅጥ ሕመም ይኖርባት እንደሆነ በዘዴ ጠይቃለች። በዚያ ላይ የደረጃው መብራት የተተከለው ለሚወጣና ለሚወርድ ሰው ስለሆነ፣ እንቅስቃሴ ካላየ በየሁለት ደቂቃው ራሱ ይጠፋል። ስለዚህ ከመካከላችን አንዱን የመብራት ሚኒስትር አድርገን ሾመነዋል፤ ሥራው በጠፋ ቁጥር ተነሥቶ መዝለል ነው። ትጉህ ሹም ነው፤ የሚያሳዝነው ላለፉት ስድስት ሳምንታት አንድም ማካፈል ሠርቶ አለመጨረሱ ነው። እያንዳንዱን የሚጀምረው በብርሃን ሲሆን የሚያቆመው በአየር ላይ ነው።

አራተኛ፣ ባቄላ። ክፍሉ ሲታሸግ መስኮቱ ላይ በኩባያ የተተከለ አሥራ አራት ባቄላ ነበር፤ የሳይንስ ሥራቸው ነው። ጥበቃው ጋሼ ማኅተሙን ሳይነኩ በተሰበረው መስታወት በኩል የውኃ ጎማ እያስገቡ ስላጠጡት፣ ባቄላው አድጎ መጋረጃውን ይዞ ካርታው ላይ ደርሷል። ከግቢው ሆነን እንደምናየው ግማሽ ውቅያኖስ ሸፍኗል። የንብረት ቅጹ ስለ ጉድለት እንጂ ስለ እድገት የሚጠይቅበት ቦታ ስለሌለው፣ ይህ በማን ስም እንደሚመዘገብ ክቡርነትዎ መመሪያ ቢሰጡበት።

የደብዳቤዬ አጻጻፍ ለአንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የበዛ ከመሰለዎ፣ ጥፋቱ የእህቴ ነው። በቁጥር ስድስት ክፍል የቤት ሥራ የሚጀመረው ከቅሬታ በኋላ ነበር። ልጅ ሁሉ ከትምህርት ቤት አንድ ነገር ሆዱ ውስጥ ይዞ ስለሚመጣ፣ እሱ ሳይወጣ ሒሳብ አይገባም ትል ነበር። ደንቡ ግን ጥብቅ ነው፤ ቅር ያሰኘህን በአክብሮት ትጠራለህ፣ ጤናውን ትጠይቃለህ፣ ቅሬታህን በቁጥር ታቀርባለህ፣ አመስግነህ ትቀመጣለህ። ጓደኛውን ሊደበድብ እየሮጠ የገባ ልጅ ጤናውን ጠይቆት ሲያበቃ አብዛኛውን ጊዜ ምን ሊለው እንደመጣ ይረሳው ነበር። አዛውንቱ አንድ ቀን ተነሥቶ «የተከበርክ ሰባት ቁጥር ሆይ፣ ጤናህ እንዴት ነው፣ ስምንትና ስድስትስ ደኅና ናቸው? አንደኛ፣ ስትባዛ ለምን እንደ አምስት አትሆንም» ብሎ አቤቱታውን አሰምቷል። እህቴ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ስትስቅ አይቻታለሁ፤ ከዚያ ቀና ብላ፣ ሰባት ቁጥርን ወክላ፣ በከባድ ድምፅ ይቅርታ ጠይቃዋለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጁ የሰባትን ማባዣ አይስትም።

ደረጃው ላይ ከወጣን ወዲህ የልጆቹ ቅሬታ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ሄዷል። አሥራ አራቱም በየተራ ተነሥተው «የተከበርክ በር ሆይ፣ ጤናህ እንዴት ነው፣ ማጠፊያህን አያምህም ወይ» እያሉ ይጀምራሉ። በሩ እስካሁን መልስ ስላልሰጠ፣ በማዕከሉ አሠራር መሠረት ቅሬታውን ወደ ቀጣዩ ኃላፊ ማለትም ወደ ክቡርነትዎ ለማቅረብ ተገድጃለሁ። እኔም በግሌ ለእህቴ የማቀርበው አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ነገር ግን በደንቡ መሠረት መጀመሪያ ጤናዋን መጠየቅ ስላለብኝ፣ እስካሁን አልጀመርኩትም።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልግባ። ባለፈው ሰኞ ከማኅተሙ ሥር ሁለተኛ ወረቀት ተለጥፏል። ርክክቡ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተፈጸመ ቁጥር ስድስት ክፍል የአሮጌ ፋይሎች ማስቀመጫ እንደሚሆን፣ የቤት ሥራ መርሐ ግብሩም እንደሚዘጋ ይገልጻል። ወሩ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ፋይሎቹን አንጠላቸውም፤ ብቻ የቤት ሥራ የላቸውም፣ ወላጆቻቸውም እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ሥራ ላይ አይቆዩም። ከእነዚህ ልጆች ግን ዘጠኙ ክፍሉ ከተዘጋ የሚሄዱት ማንም ወደሌለበት ቤት ነው። ትልልቆቹ ሦስቱ ደግሞ «ታናናሾቻችንን ለመጠበቅ ብቻ ነው የምንመጣው» እያሉ ቀርተው የማያውቁ ናቸው፤ እነሱ ከዚህ ሲወጡ የሚጠብቃቸው የማእዘኑ የቁማር ማጫወቻ ቤት መሆኑን ክቡርነትዎም ከመስኮትዎ ያዩታል።

መፍትሔው እንዳያደክምዎ ቅጹን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። የመጨረሻው ገጽ ግርጌ ላይ፣ በጣም በደቃቅ ፊደል፣ «አስረካቢው በማይገኝበት ጊዜ ኃላፊው በልዩ ሁኔታ ይፈርማል» የሚል መስመር አለ። ኃላፊው እርስዎ ነዎት። አስረካቢዋ እንደማትገኝም በስድስት ደቂቃ ንግግር ያረጋገጡት እርስዎ ነዎት። የሚያስፈልገው አንድ ፊርማ ነው፤ ለሦስቱ ማስጠንቀቂያዎች ከፈረሙት በሁለት ያነሰ።

ወንበርዎ እንዲመችዎ፣ ወገብዎ እንዲጸናልዎ፣ በደረጃው ሲያልፉም እግርዎ ጉልበት ሳይመታ በሰላም ቢሮዎ እንዲደርስ ከልብ እየተመኘሁ፣ ለዘለቀው ትዕግሥትዎ፣ በተለይም በእኛ ጉዳይ ላይ ለስድስት ሳምንት ላሳዩት ወደር የሌለው ትዕግሥት፣ አሥራ አራት ልጆችን ወክዬ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ። ዝቅ ማለቱ አይከብደኝም፤ አንድ ደረጃ መውረድ ብቻ ነው።

የቀድሞ ሠራተኛዎ ወንድም፣
ከላይ ሁለተኛው ደረጃ፣ በግራ በኩል።

ግልባጭ፤ ለማንም ኃላፊ አልተደረገም። ግልባጭ የደረሰው ሁሉ ጉዳዩን ሌላው ያየዋል ብሎ ስለሚያስብ።

ማስታወሻ፤ የዚህን ደብዳቤ ፊደል ያረመችልኝ አራተኛው ደረጃ ላይ ጥግ ይዛ የምትቀመጠው የሦስተኛ ክፍል ተማሪ፣ የክቡርነትዎ የራስዎ ልጅ ናት። ክፍሉ ለምን እንደማይከፈት እራት ላይ ጠይቃዎት «በጽሑፍ ይቅረብ» እንዳሏት ነግራኛለች፤ እነሆ ቀርቧል። አንዱ ቅጂ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጠፋል። ሌላው መዝገብ ቤት ገብቶ «ለሚመለከተው ክፍል ይመራ» እንዳይባል፣ ከቅጹ ጋር ዛሬ እራት ላይ በእጅዎ የምትሰጥዎ እሷው ናት። እስክሪብቶም ይዛለች፤ የሚጽፍ መሆኑን ሞክረነዋል።