ደሜ ያልረሳው ተስቦ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት እናቴ ለወይዘሮ አሰፋች፣ ጮሌ ከተማ።

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ሆነ? የክረምቱ ቁር አልፎልዎት ከግድግዳው ሥር ፀሐይ ይሞቁ ይሆን? እኔ ልጅዎ ከናፍቆትዎ በቀር ደህና ነኝ ልል ነበር፤ ዘንድሮ ግን ከናፍቆቱም ሌላ ነገር አለብኝ። ወንድሜ ገብረወልድ፣ የምታነብላቸው አንተ ነህና እዚህ ላይ ቆም በልና ቤት ውስጥ እንግዳ ካለ ሸኝ።

ባለፈው ወር፣ በምሠራበት ተማሪ ቤት ሁለት ልጆች በአንጀት ተስቦ ወደቁ። ወጥ ቤት የምንሠራ ሁላችን ደም እንድንሰጥ ታዘዘ። እኔ እየሳቅሁ ሄድኩ። «ታማ የሞተችው መንታሽ ፋናዬ ናት፤ አንቺን እታገኘሁን እንኳን ተስቦ ጉንፋንም አያውቅሽ» እያሉ አይደል ያሳደጉኝ?

ደም መርማሪው አቶ ጉደታ የሚባሉ የሳጉሬ ሰው ናቸው። የደሙን ውሃ በጨው ውሃ እያቀጠኑ በትንንሽ ጠርሙሶች ይደረድሩና የሞተ የተስቦ ተሐዋስ ጠብ ያደርጉበታል። ደሙ በሽታውን የሚያውቀው ከሆነ እንደተበላሸ ወተት ይጓጉላል። በአገራችን በደህና ሰው ደምም በመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች ጥቂት ይታያል፤ እስከዚያ የጤና ልክ ነው አሉኝ። የእኔ ከልኩ አለፈ። ከሥራ ልባረር ነው ብዬ ስደነግጥ፣ ባንድ ጊዜ ደም አይፈረድም፣ በሽታው አሁን ካለ በሳምንቱ ወደ ላይ ይዘላል፣ ካልጨመረ የድሮ ነው ብለው መለሱኝ።

በሳምንቱ ያው ሆነ። አቶ ጉደታም በልጅነትሽ የያዘሽ ይመስላል አሉ። ታምሜ አላውቅም ብላቸው፣ ሳይታወቅሽ ቀለል ብሎ ያለፈም ሊሆን ይችላል፣ ይህ ብቻውን ምስክር አይሆንም፣ እናትሽን ጠይቂ አሉኝ። አንቺ ብትረሺው ደምሽ አይረሳም ሲሉ ግን እጄን ባየው የሰው እጅ መሰለኝ።

አሁን እዚህ አሰላ የሚኖሩትን የድሮ የጮሌ ጎረቤታችንን እትዬ ራቢያን ገበያ አገኘኋቸውና ነገሩን እንደ ቀልድ አነሳሁባቸው። የያዙትን ገብስ መሬት አስቀመጡ። ኋላ፣ ያ ረቢ፣ እስከ ዛሬ አልነገረችሽም እንዴ አሉኝ። ሦስት ዓመት ሳይሞላን ፋናዬን ተስቦ ሲይዛት፣ እርስዎ ሞት በስሟ መጥቶ እንዳያገኛት ብለው፣ የታመመችውን እታገኘሁ፣ ደህናይቱን ፋናዬ እያሉ መጥራት ጀመሩ አሉ። ከዚያ አንዲቷ ሞተች። አባታችን ያኔ ጎበሳ አገር ሄደው ነበር፤ ተስቦ ቤት ደግሞ ማን ይገባል? የትኛዋ እንደሄደች፣ ስማችንም ተመልሶ እንደሆነ ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ የለም።

እማዬ፣ ውሃ ቀድቼ ስመለስ ከኋላዬ «ፋናዬ» ሲሉ ሰምቼ አውቃለሁ። ሟቿን አስታውሰው ነው ብዬ አለፍኩት። አቤት ብዬ መዞሬን ግን እስከ ዛሬ ልብ አላልኩትም።

አልተቀየምኩዎትም። ልጇ በእቅፏ ስትነድ እናት የማታደርገው ምን አለ? እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ፋናዬ በክርስትና ስሟ ወለተ ሐና፣ እታገኘሁ ወለተ ሰንበት ነበሩ። ቄሱ በፍታቱም፣ በየዓመቱ በሙት ቀኗም የሚጠሩት ወለተ ሐናን ነው። ደሜ እንደሚለው ታማ የዳነችው ወለተ ሐና እኔ ከሆንኩ፣ የሞተችው ወለተ ሰንበት ናት፤ እኔም በቁሜ ፍታት ሲደረግልኝ ኖሬአለሁ። ለእኔስ ግድ የለም፣ ጸሎት አይጎዳ። ያቺ ምስኪን ግን አንድም ቀን በስሟ የጸለየላት የለም። የት ቆማ ይሆን የምትጠብቀው?

ዛሬ ኅዳር ሚካኤል ነው። በሽታ እንዲሸሽ ሁሉም ከደጁ ቆሻሻ እያቃጠለ አሰላ በጭስ ታፍናለች። ቅድም ከጭሱ ውስጥ አንዲት ልጅ የጠራችኝ መሰለኝ። በየትኛው ስም እንደጠራችኝ አልለየሁም፤ አቤት ማለትም ፈራሁ።

የሙት ቀኗ በታኅሣሥ ነው። ከዚያ በፊት አንዲት ቃል ለገብረወልድ ይንገሩትና ይጻፍልኝ፤ ቄሱ ማንን ይጥሩ?

የአባቴን ነፍስ ይማርልኝ። ገብረወልድ፣ አንተ ያኔ አልተወለድክምና አትጨነቅ፤ ሚስትህን ተሻለችን ሳምልኝ፤ ትንሿን ልጃችሁን ብርቄንም ጉንጯን። እትዬ ራቢያ በብዙ ሰላም ብለዋችኋል። ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱ ለእህቴም፣ ስሟን ሳትጠሩ፣ ሰላም በሉልኝ።

አሰላ፣ ኅዳር 12 ቀን 1951 ዓ.ም.

ልጅዎ፤
ስሜን እርስዎ ይጨምሩበት።