ከወንዙ ያልሸሹት እናታችን

እናታችን ከወንዝ ጠባቂው አባታቸውና ከባለ ሱቋ እናታቸው በ1944 ዓ.ም. በተራራው ግርጌ፣ የወንዙ ድምፅ በማይጠፋበት ቤት ተወለዱ። ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ሲከታተሉ፣ ትራውት የሚባለውን ነቁጣማ የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ ማጥመድን ደግሞ ከአባታቸው ተማሩ። ከላባና ከክር የሚሠሯትን ዝንብ ውሃው ላይ ሲያሳርፏት፣ ዓሣው ይቅርና ሰው እንኳ ይታለል ነበር። ውሃ ውስጥ ንቅንቅ ሳይሉ ስለሚቆሙ የሰፈሩ ሰው «ሽመላ» አላቸው፤ ስሙንም ወደዱት።

በልብስ ስፌት ሥራ ላይ ሳሉ በ1966 ዓ.ም. ከአናጢው አባታችን ጋር ትዳር መሥርተው አንድ ወንድና ሁለት ሴቶች ልጆች አፈሩ።

በ1975 ዓ.ም. ዝናቡ ሲያባራ፣ የበኩር ልጃቸው አብሯቸው ወርዶ ወንዙ ዳር ሲጫወት አንሸራተተው። እናታችን የማጥመጃ ዘንጋቸውን ጥለው ቢወረወሩም ውሃው ቀደማቸው። አስከሬኑም አልተገኘም። አባታችን ዳር ላይ የቀረውን ዘንግ ሰባብረው ምድጃ ውስጥ ከተቱት።

ዓመቱ ሲዞር ግን አዲስ ዘንግ ይዘው እዚያው ስፍራ ወረዱ። ሰው «ይህች ሴት አንጀት የላትም» አለ። ታናሽ እኅታቸው «እንዴት አስቻለሽ?» ብለው ሲጠይቋቸው፣ «እኔም ከሸሸሁ ማን አለው?» አሉ። የያዙትን ዓሣ ሁሉ መንጠቆውን ነቅለው መልሰው ይለቁት ነበር። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ዓሣ አልተበላም። እናታችንና አባታችን በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ፣ ስለ ልጃቸው ሳይነጋገሩ ብዙ ዘመን አለፈ። ገበታ ላይ የሚሰማው የማንኪያ ድምፅ ብቻ ነበር።

አባታችን ልባቸው ደክሞ አልጋ ላይ ከዋሉ በኋላ፣ አንድ ጠዋት «እስኪ ውሰጂኝ» አሏቸው። እናታችን ደግፈው ወንዙ ዳር አወረዷቸው። አባታችን ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ትንፋሻቸው ሲመለስ «የት ጋ ነበር?» አሉ። በዚያ ሁሉ ዘመን ጠይቀው አያውቁም። እናታችን ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ ገብተው፣ ውሃው ወገባቸው ሲደርስ ቆሙ። «እዚህ ጋ።»

አባታችን «በይ ነይ ውጪ፤ ይበርድሻል» አሏቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ የወንድማችን ስም ቤታችን ውስጥ ይነሣ ጀመር። አባታችን በዚያው ዓመት አረፉ።

እናታችን ከጊዜ በኋላ እግሮቻቸው አልታዘዝ ብለዋቸው ከቤት ዋሉ። በሳንባ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ጥር 9 ቀን 2015 ዓ.ም. በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። የተናዘዙት ነገር የለም። እኅታቸውን፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውንና ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ብርድ በሌለበት ስፍራ፣ ከልጃቸው ጎን ያሳርፍልን።