ሁለተኛውን ስዊች ስለከለከሉን የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ አቶ ቀናው
የይዞታ ሰነዶች ማዕከል ዋና ሥራ አስኪያጅ
አቃቂ ቃሊቲ

ጥቅምት 22 ቀን 2008 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ይህ ደብዳቤ ደም ግፊትዎ ወርዶ፣ እንቅልፍዎ ተስተካክሎ፣ ወንበርዎም እንደ ወትሮው ጸንቶ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ እስከ ነሐሴ መጨረሻ በማዕከልዎ የኔትወርክ ባለሙያ የነበርኩት መርዋ ሀይረዲን ነኝ። ሦስት ጊዜ በግል ጽፌልዎ መልስ ለመስጠት ጊዜ ስላላገኙ፣ አንባቢ ሁሉ እንዲያግዝዎ በማሰብ አራተኛውን በግልጽ ጽፌዋለሁ። ምስጋናዬም ብዙ ስለሆነ በቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

አንደኛ፣ ስላዳመጡኝ አመሰግናለሁ። ሰኔ ላይ የነባር ነዋሪዎችን የይዞታ ፋይሎች ከአሮጌው ማከማቻ ወደ አዲሱ ልናዛውር ስንዘጋጅ፣ ቢሮዎ ገብቼ አንድ ፈቃድ ለምኜዎት ነበር። ፋይሎቹ የሚያልፉት ኮምፒውተሮቹን በሚያገናኙ ሁለት ስዊቾች መሆኑን፣ ስዊች ደግሞ ከአቅሙ በላይ ሲመጣበት የተረፈውን ዝም ብሎ እንደሚጥል አስረዳሁዎት። ኢሜይል ቢጣል እንደገና ይላካል፤ ወደ ማከማቻው የሚጻፍ መረጃ እየተጣለ ሲሄድ ግን ፋይሉ ይበላሻል። መፍትሔው እዚያው ስዊቹ ውስጥ ነው፤ ለማከማቻው መረጃ የራሱ የቅድሚያ ደረጃ ይሰጠዋል፣ ስዊቹ ሊሞላ ሲል ላኪውን «የዚህን ደረጃ ብቻ ለአፍታ አቁም» ይለዋል፣ ሌላው እንደ ልቡ ያልፋል፣ ከማከማቻው መረጃም አንዲት አትወድቅም። አንደኛውን ስዊችና ሰርቨሮቹን አስተካክዬ ጨርሻለሁ፣ ሁለተኛውም በተመሳሳይ ካልተስተካከለ ግን ልፋቱ ከንቱ ነው፣ የአርባ ደቂቃ ፈቃድ ብቻ ይስጡኝ አልኩ።

እርስዎም መነጽርዎን አውልቀው «አቁም ነው የሚለው?» ብለው ጠየቁኝ።

«አዎ፣ ለአፍታ ነው። ሰው እንኳን አያውቀውም።»

«ስሚ መርዋ፣ የትራንስፎርሜሽን ዕቅዱ ማጠናቀቂያ ላይ ነን። እዚህ መሥሪያ ቤት ውስጥ ምንም ነገር አይቆምም።»

ይህንን ንግግርዎን በሳምንቱ የአንድ ለአምስት ስብሰባ ላይ በቃለ ጉባኤ አስይዘውታል። እኔም በዚያው ቃለ ጉባኤ ውስጥ «የለውጥ ፍርሃት የሚታይባት» ተብዬ ተመዝግቤያለሁ፤ ስሜን በትክክል ስለጻፉት ደስ ብሎኛል።

ሁለተኛ፣ ቀን ስለመረጡልን። ዝውውሩ እንዲካሄድ ያዘዙት ሐምሌ 23፣ ማዕከሉ «ከወረቀት ነፃ» መሆኑን በሚያበሥሩበት በዓል ዕለት ነበር። የአዳራሹ ቪዲዮ በየፎቁ ባሉት ቴሌቪዥኖች እንዲታይ ስላዘዙም፣ ንግግርዎና የነባር ነዋሪዎቹ ፋይሎች በዚያው ባልተስተካከለው ሁለተኛ ስዊች ተጋፉ። በሃያ ደቂቃ ውስጥ የሚወድቀው መረጃ ቁጥር በስክሪኑ ላይ ይሮጥ ጀመር። የሥራ ባልደረባዬ ቢራ «ቪዲዮውን እናጥፋውና እንገላገል» አለ። ያለ እርስዎ ፈቃድ ማጥፋት ፈርቼ ወደ አዳራሹ ሮጥኩና ለጸሐፊዎ ለወይዘሮ አስካለች ነገርኳቸው። እሳቸውም መድረኩ ላይ ወጥተው በጆሮዎ አንሾካሾኩልዎ፤ ተመልሰው መጥተው «ስህተት የሚለውን እየዘለላችሁ ቀጥሉ ብለዋል» አሉኝ፣ ዓይኔን ሳያዩ።

ዘለልን። ትእዛዙ የእርስዎ ቢሆንም ቁልፉን የተጫነችው የእኔ ጣት ናት፤ ይህን ለማንም አልክድም። በመጨረሻ አራት መቶ አሥራ ሁለት ፋይሎች ተበላሽተው ደረሱ። ዝርዝሩን አትሜ ጠረጴዛዎ ላይ አኖርኩ። እርስዎ ለበላይ አካል የላኩት ሪፖርት ግን «መቶ በመቶ» ይላል።

ሦስተኛ፣ ስለ ፍጥነትዎ። የዝርዝሩን ሌላ ቅጂ ይዤ «እነዚህ እንደገና ስካን እስኪደረጉ ዋናው ወረቀት ይቆይ» ልልዎ ስወርድ፣ ወረቀቱ የተጫነበት አይሱዙ ሪባን ተቆርጦለት፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ወደ ወረቀት መፍጫው ሄዷል። አሮጌውን ማከማቻ ደግሞ ሰኞ ጠዋት ባዶ እስኪሆን አስጠረጉት። በዚህ አገር አንድ ደብዳቤ ከአንድ ክፍል ወደ ሌላው ለማለፍ ሦስት ሳምንት ሲፈጅበት ለኖርን ሰዎች እንዲህ ያለ ቅልጥፍና ማየት ብርቅ ነው።

አራተኛ፣ ወይዘሮ ዳሲቱን ስላስተዋወቁኝ። ከወንዙ ማዶ ካለው ከድሮው የገበሬ መንደር ነሐሴ ላይ የመጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው እናት ናቸው። ቤታቸው መንገድ ሊያልፍበት ስለሆነ፣ ምትክ ቦታ እንዲሰጣቸው ማኅደራቸው ሲፈለግ በትክክል አልታይ ስላለ ከመስተንግዶ መስኮቱ ወደ እኔ ተላኩ። ፋይሉን ከፈትኩት። የባላቸው ፎቶ ከግንባራቸው በታች ግራጫ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ገጽ ሁሉ ግራጫ ነው። ስክሪኑን አዙሬ አሳየኋቸው።

«እሱ ነው» አሉ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው። «ግንባሩ ነው። ይኼ አይበቃም፣ ልጄ?»

«አይበቃም እማማ። ፊርማውና ካርታው የለም።»

«እኔ እኮ ጣቴን ቀለም ነክሬ ፈርሜበታለሁ። የቀረውን ማን ወሰደው?»

ክቡር ሆይ፣ በዚህ ጊዜ «ሲስተም የለም፣ ነገ ይምጡ» ማለት እንደነበረብኝ አውቃለሁ፤ ሥልጠናም ወስጄበታለሁ። እኔ ግን ወንበር ስቤ አስቀመጥኳቸውና የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፣ ቁልፉን የተጫንኩት እኔ መሆኔንም ጭምር።  ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው «እንግዲህ አንቺም ታዘሽ ነው» ብለውኝ ወጡ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። በአራተኛው ቀን «የመሥሪያ ቤት ምስጢር በማውጣት» ተባረርኩ። የእሳቸውም ቤት መስከረም ላይ ፈረሰ፤ አሁን ሳሪስ፣ ልጃቸው በተከራየችው አንድ ክፍል ውስጥ ከአራት የልጅ ልጆች ጋር ይተኛሉ።

አምስተኛ፣ ሁለተኛው ስዊች ባለፈው ሳምንት ከውጭ በመጣ ባለሙያ እንዲስተካከል መፍቀድዎን ከቢራ ሰምቻለሁ። ሠላሳ አምስት ደቂቃ ፈጀ አሉ። አሁን የማከማቻው መረጃ ምንም አይወድቅበትም፤ እንኳን ደስ አለዎት።

ከዚህ ደብዳቤ በኋላ ምን ይለወጣል ብለው እንዳይጨነቁ። ምንም አይለወጥም። ወረቀቱ ተፈጭቷል፣ ዲስኩ ተጠርጓል፣ እኔም ሥራ በጠየቅኩበት ሁሉ የመባረሬን ምክንያት እያነበቡ አንገታቸውን ይነቀንቁልኛል። የጻፍኩት እንዲያው አንድ ያልተበላሸ ቅጂ የሆነ ቦታ ይኑር ብዬ ነው።

በቅን አመራርዎ ጥላ ሥር ሠርታ፣ በቅን አመራርዎ ጥላ ሥር የተባረረችው፣ የዘወትር አክባሪዎ
መርዋ ሀይረዲን
ከአቃቂ በሰቃ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ማዕከልዎ ወይዘሮ ዳሲቱን «ሰነድ ከሌለ ሦስት የጎረቤት ምስክሮች ያቅርቡ» ማለቱን በአድናቆት ሰምቻለሁ። ሁለቱ ጎረቤቶች ሞተዋል። ሦስተኛው አቶ ሮሪሳ በከዘራ እየተደገፉ መጥተው ነበር፤ ነገር ግን መመሪያው ምስክር የሚሆነው ይዞታው በማዕከሉ የተመዘገበ ሰው ብቻ ነው ስለሚል፣ ስማቸው ኮምፒውተር ላይ ሲፈለግ ፋይላቸው ግራጫ ሆኖ ተገኘ። ቤታቸው እስካሁን አልፈረሰም። እሳቸውም የራሳቸው ማስረጃ መጥፋቱን ያወቁት ለሰው ሊመሰክሩ በመጡበት ቀን ነው።