የታገዱ ሰዎች ወንበር

ፌብሩዋሪ 21፣ ማክሰኞ

ዝናብ። ከሐይቁ ማዶ ያለው ተራራ ጠዋት ሙሉ አልታየም። ዶሮዋ ወጥ ቤት ገብታ እንቁላል ጣለች። ማን ይከለክላታል?

ነገ ዐቢይ ጾም ይገባል። የመጀመሪያውን መልእክት ጀመርኩ። ስድስት እሑድ፣ ስድስት መልእክት። እሑድ እሰብከዋለሁ፤ ከዚያ በአንድ ገጽ ተባዝቶ ሐሙስ ሐሙስ በየቤቱ ለሚጸልዩት ይሄዳል። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲሁ ነው። ዋናው ጽሕፈት ቤት ሌላውን ፓስተር ሁሉ በየጊዜው ሲያዛውር እኔን እዚህ ረስቶኛል። የዘንድሮው ርዕስ "ተመለሱ"። ርዕሱ ቀላል ነው። ከርዕሱ በታች ያለው ነው እንጂ...

ላምሪያ ብትኖር እርሳሷን ይዛ ትቀመጥ ነበር። "ይቺን አውጣት። ይቺንም። ይኼን አንተ ራስህ አታምንበትም።" ሚስቴ ከሞተች ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆናት። አሁን የሚሰርዝልኝ የለም፣ ስብከቴም ረዝሟል። ሽንኩርት እየላጥኩ የጻፍኩትን አነበብኩላት። ዝም አለች። ዝም ስትል አልወደደችውም ማለት ነው።

ፌብሩዋሪ 26፣ እሑድ

ሰበክሁ። በር ላይ እጄን እየጨበጡ "ግሩም ነበር አማንግ"፣ "ነክቶኛል አማንግ"። አማንግ፣ አባቴ። በአሥር ዓመት የሚበልጡኝ ሳይቀሩ እንዲህ ነው የሚሉኝ። አንዱን እጁን ሳልለቅ "ስለ ምን ነበር?" አልኩት።

"ስለ... ኃጢአት?" አለ።

ቤት ገባሁ። ለአንድ ሰው ሩዝ መቀቀል እስካሁን አልለመድኩም። ሁሌ ይተርፋል። ዶሮዋ ወፍራለች።

ማርች 2፣ ሐሙስ

የቤት ጸሎት፣ ጆንጊ ቤት። ጆንጊ የሽማግሌዎች ሰብሳቢ ነው። መልእክቴን የሚያነብላቸው እሱ ነው፤ አራት ነጥብ ላይ እንኳ አይተነፍስም። ከጸሎቱ በኋላ ሴቶቹ ወሬ ጀመሩ።

"የሪስማ እናት ልትሄድ ነው አሉ። ልጅዋ ባታም ደሴት ልትወስዳት።"

"መቼ?"

"በትንሣኤ ማግስት። ቤቱንም ለወንድሟ ልጅ ሰጥታለች። ላትመለስ ነው።"

"ታዲያ ማን ይሸኛታል?" አለች አንዷ።

ሁሉም ወደ እኔ አዩ። ከዚያ ወደ ሻያቸው።

ማርች 3፣ ዓርብ

ቀኑን ሙሉ ከጭንቅላቴ አልወጡም። ሳውርማ፣ የሪስማ እናት። አሥራ ሰባት ዓመት...

ነገሩ የሆነው እንደ ልማዳችን የእናታቸው አጥንት ከአፈር ወጥቶ ወደ ድንጋዩ መቃብር የተዛወረ ዕለት ነው። ማዛወሩን ቤተ ክርስቲያን ትፈቅዳለች፤ ጸሎቱንም ያደረግሁት እኔ ነኝ። ሙታንን ማነጋገር ግን ክልክል ነው። ሳውርማ የእናታቸውን ራስ ቅል በሎሚ ውኃ እያጠቡ አወሩላት። ትንሽ አይደለም። የሪስማን ማግባት፣ የእርሻ ጎሹን መሸጥ፣ የጎረቤቱን ጠብ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ። ሽማግሌዎቹ ሰሙ። ደንቡን ገለጥን። ሁለት እሑድ ስማቸውን ከአትሮንሱ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ፊት ወጥተው "በድያለሁ" ቢሉ ይመለሱ ነበር። አላሉም። ከዚያ ወዲህ ታግደዋል፤ የጌታ እራት የለም። ቢደግሱም ሰው አይመጣላቸውም።

ያን ቀን ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ወጣት ስለነበርኩ ነው? አርባ ስድስት ዓመቴ ነበር። ምን ወጣት!

እንደ ባዳ ሆነው ከዚህ እንዲሄዱ አልፈልግም። ይኼ ነው፣ ሌላ ምንም የለም። አምስት ሳምንት አለኝ።

ማርች 7፣ ማክሰኞ

ሄድኩ። ሳውርማ ሽንኩርት ይቋጥራሉ። ወንበር አላቀረቡልኝም፤ ቁጢጥ አልኩ።

"መንገድ ጠፍቶዎት ነው አማንግ?"

"ኢናንግ፣ እናቴ፣ ሊሄዱ ነው ሲሉ ሰማሁ።"

"እሱን ሰምተው ነው? እኔ ደግሞ የራስዎን ስብከት ሰምተው የመጡ መስሎኝ። ተመለሱ፣ ተመለሱ... ድምፅ ማጉያዎ እዚህ ድረስ ይሰማል።"

"ፊት ወጥተው አንዲት ቃል ብቻ ቢሉ..."

"ምን ብዬ? ለእናቴ ወሬ ነገርኳት። አሁንም ባገኛት እነግራታለሁ። ሳይቆጨኝ ቆጨኝ ብዬ የጌታን እራት ልብላ? ኃጢአትስ እሱ ነው!"

ልነሣ ስል ቋጠሮውን አስቀምጠው ቀና አሉ።

"ማሳዬ የምሄደው በወጥ ቤትዎ በኩል ነው። በየጠዋቱ። ሁለት ዓመት ሙሉ።"

"እና?"

"ትናንት ጨው በዛበት ሲሏት ነበር።"

ፊቴ ጋለ። "ለማን ነገሩ?"

"ለማን እነግራለሁ? ለጆንጊ? ደግሞስ የእርስዎን ስም ማን ሊያነብ ነው?" ሳቁ። ክፋት የለበትም ሳቃቸው። ክፋት ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

ማርች 8፣ ረቡዕ

ዛሬ ወጥ ቤት ውስጥ አፌን ዘጋሁ። ቀኑን ሙሉ። ቤቱ እንዲህ ባዶ መሆኑን አላውቅም ነበር...

ማርች 9፣ ሐሙስ

አልቻልኩም። ይቅርታ ላምሪያ። አኩርፌሽ አልነበረም።

ማርች 14፣ ማክሰኞ

"የእኔ ይለያል። የእኔ ናፍቆት ነው።" ይኼን ጻፍኩና ቀደድኩት። የእሳቸውስ ምን ነበር? እንደገና ጻፍኩ። "እኔ በረከት አልለመንኳትም፣ የምነግራት የወጡን ጨው ብቻ ነው።" እሳቸውስ የነገሯት የጎሹን ዋጋ አይደል? ቀደድኩት። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ። የእኔማ አርሮ አልቋል፣ ጭሱ ነው የቀረው።

ለእሑድ የሚሆን መልእክት የለኝም።

ማርች 19፣ እሑድ

ከአምልኮ በኋላ የሽማግሌዎች ስብሰባ። "የሪስማ እናት እገዳ ይነሣ" አልኩ።

ጆንጊ መነጽሩን አወለቀ። "አማንግ፣ ደንቡን ያነበቡልን እርስዎ ነዎት። እኛ ምን እናውቃለን?"

"ተሳስቼ ቢሆንስ?"

"እንግዲያ አሥራ ሰባት ዓመት እኛም አብረን ስንሳሳት ኖረናላ! ባላቸው የተቀበሩ ዕለት በራቸው ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። አልገባሁም። በእርስዎ ቃል ነው አማንግ። ባላቸው የአባቴ ጓደኛ ነበሩ።" መነጽሩን መልሶ አደረገ። "ሙታንን ያነጋገረ ሰው ፊት ወጥቶ ይናዘዝ። ሴትም ይሁን ወንድ፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ።"

ሌሎቹ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ነቀነቅሁ። ልማድ ሆኖብኝ።

ማርች 26፣ እሑድ

ለአምስተኛ ጊዜ "ተመለሱ" አልኩ። እያልኩ ዓይኔ ወደ መጨረሻው ወንበር ሄደ። በሩ አጠገብ ያለው፣ የታገዱ ሰዎች የሚቀመጡበት። ሳውርማ አንድ ቀን እንኳ አልተቀመጡበትም። በዚህ ሁሉ ዓመት ማንም አልተቀመጠበትም። ማን ይደፍራል?

ማርች 31፣ ዓርብ

ልጄ ከጃካርታ ደወለ። ያሰብኩትን ነገርኩት።

"አባ፣ ጡረታ ልትወጣ ሁለት ዓመት ነው የቀረህ። ዝም በል።"

"ዝም ካልኩ ከማን ጋር ላወራ ነው?"

መስመሩ ተቋረጠ። ወይስ ዘጋው? መልሼ አልደወልኩም።

ኤፕሪል 2፣ እሑድ፣ ሆሣዕና

ስድስተኛው መልእክት ኪሴ ውስጥ ቀረ።

ካባዬን አውልቄ አትሮንሱ ላይ አኖርኩና ወረድኩ። ከፊተኛው ወንበርና ከጌታ እራት ጠረጴዛ መካከል፣ የሚናዘዙ ሰዎች የሚቆሙበት ቦታ። ስንቱን እዚያ አቁሜያለሁ። ወለሉ ዘንበል ማለቱን ግን ዛሬ ነው ያወቅሁት።

"ሚስቴ ከሞተች ጀምሮ በየቀኑ አነጋግራታለሁ" አልኩ። "ወጥ ቤት ውስጥ። በዚሁ ነገር የሪስማን እናት ስም ያነበብኩት እኔ ነኝ። እሳቸውን ይቅርታ እጠይቃለሁ። እናንተንም፣ በእኔ ቃል ከበራቸው የተመለሳችሁትን። የእኔ ጉዳይ በደንቡ መሠረት ይታይ።"

ያ ብቻ ነው። ሕፃን አለቀሰ። በር ላይ ማንም "ግሩም ነበር" አላለኝም። የጨበጡኝም ቶሎ ለቀቁኝ።

ድምፅ ማጉያው ክፍት ነበር። ሳውርማ ሰምተው ይሆን?

ኤፕሪል 4፣ ማክሰኞ

ሽማግሌዎቹ ሁለት ሰዓት ተቀመጡ። እኔ በረንዳው ላይ። ጆንጊ ወጣ፤ ፊቱ ጠቁሯል።

"አማንግ፣ ሁለተኛ አላደርግም ካሉ አሁኑኑ ያልቃል።"

"ነገ ጠዋት አደርገዋለሁ እኮ፣ ጆንጊ።"

"ኧረ እባክዎን! ስቅለት ሦስት ቀን ነው የቀረው። የጌታን እራት ማን ሊያቀርብልን ነው?"

"ልዋሽልህ?"

መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ከዚያ ለሐሙስ ጸሎት የሚነበበውን ስድስተኛውን መልእክት ጠየቀኝ። "እሑድ ሰምታችሁታል" አልኩት።

እንግዲህ ታግጃለሁ። ዓርብ ከማዶ መንደር ፓስተር ሄርታ ትመጣለች። እንደ ፈራሁት አልከፋኝም ብዬ ልጽፍ ነበር። ከፋኝ።

ኤፕሪል 7፣ ዓርብ፣ ስቅለት

መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ብቻዬን። ከዚያ ሲያዩት ሰው ሁሉ ማጅራት ነው። የእነዚህን ሰዎች ፊት በሕልሜም አውቀዋለሁ፣ ማጅራታቸውን ግን የማን የማን እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ማንም አልዞረም። ላምሪያን ከቀበርኩ ወዲህ እንዲህ ብቸኝነት ተሰምቶኝ አያውቅም።

ሁለተኛው መዝሙር ላይ በሩ ተከፈተ። ሳውርማ። ጥቁር ለብሰው።

"ጠጋ ይበሉ" አሉኝ።

ጠጋ አልኩ።

ኅብስቱ መታደል ጀመረ። ሰው በየተራ ወጣ፣ ተመለሰ። ሽማግሌዎቹ የእኛን ወንበር አልፈው ሄዱ። ሳውርማ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ።

"የመጀመሪያው ዓመት ነው የሚከብደው። ከዚያ ይለመዳል።"

ሳቄ አመለጠኝ። በስቅለት ዕለት! ከፊታችን ያለችው ሴት ዞራ ገላመጠችን። ሳውርማ እሷ እስክትመለስ ጠብቀው፦

"ዛሬ ጠዋት ላምሪያ ምን አለች?"

ከሞተች ጀምሮ ማንም እንዲህ ብሎ አልጠየቀኝም። አይዞዎት ይሉኛል። በጌታ እቅፍ ናት ይሉኛል። እኔው ራሴ ለስንቱ ሐዘንተኛ ብዬዋለሁ። ምን አለች ያለኝ ሰው ግን የለም።

"ሸሚዝህ አልተተኮሰም አለች።"

ገልመጥ አድርገው አዩት። "እውነቷን ነው።"

አለቀስኩ። መሐረብ ሰጡኝ፤ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል።

ኤፕሪል 9፣ ትንሣኤ

ሁለታችንም ከኋላ። ከኋላ ሲሆኑ መዝሙሩ ዘግየት ብሎ ይደርሳል።

ኤፕሪል 10፣ ሰኞ

ዛሬ ሄዱ። ጀልባው ጋ ስደርስ እኔና የወንድማቸው ልጅ ብቻ የምንሸኛቸው መስሎኝ ነበር።

የጆንጊ ሚስት ዓሣ ይዛ መጣች። ሳይቆረጥ፣ ከነጭንቅላቱ፣ በእርድ የበሰለ። ተባርከሽ ሂጂ ለምንለው ሰው የምንሰጠው ዓሣ። ለታገደ ሰው ይኼን የሚያበስል የለም። ጆንጊ ከኋላዋ ቆሞ መሬት መሬት ያያል።

"ይብሉ ኢናንግ፣ ሳይቀዘቅዝ" አለች።

ሳውርማ ሳህኑን አዩት። ጆንጊን አዩት። እንቢ ይላሉ ብዬ ፈራሁ። በጣታቸው ቆረሱና ጎረሱ። እንደገና ቆረሱና ወደ ጆንጊ አፍ ዘረጉ። አፉን እንደ ልጅ ከፈተ። ያኔ ሌሎቹ ከመጋዘኑ ጥግ ብቅ ብቅ አሉ፤ ለካ የእሱን አፍ ሲጠብቁ ነው የቆዩት!

"ለላምሪያ ሰላም ይበሉልኝ" አሉኝ፣ ጮክ ብለው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ጀልባው ረፋድ ላይ ተነሣ።

ነገርኳት።

ኤፕሪል 16፣ እሑድ

ቀድሜ ገብቼ ከኋላ ተቀመጥኩ። ከእንግዲህ ጎኔ ባዶ ነው ብዬ ራሴን አዘጋጅቻለሁ። ሸሚዜን ተኩሻለሁ።

ደወሉ ከተደወለ በኋላ ጆንጊ ገባ። የሽማግሌዎቹ ቦታ ፊት ነው። እሱ ግን አልሄደም። ከጎኔ ተቀመጠና መዝሙሩን ገለጠ። የመዝሙሩ ቁጥር ገና አልተነገረም።

"እኔም አባቴን" አለ፣ ወደ ፊት እያየ። "በየቀኑ አይደለም። ሩዝ ስዘራ ብቻ።"

ጠጋ አልኩለት።

ከዚያ ሚስቱ መጣች። አንዲት ልጅ እንደቀበሩ ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ ዓሣ አጥማጁ ቦናር። ወንድሙን ሐይቁ ወስዶበታል። ከዚያ በር ላይ "ስለ ኃጢአት?" ያለኝ ሰውዬ፣ ሚስቱ የሞተችበት። አንዱ ሲመጣ ሌላው ጠጋ ይላል። ሌሎችም ተጨመሩ፤ ለስድስት ሰው በተሠራ ወንበር ዘጠኝ ሆንን። የጆንጊ ክርን ጎኔን ይወጋኛል።

ፓስተር ሄርታ አትሮንሱ ላይ ቆማ ፊት ለፊቷ ያሉትን ባዶ ቦታዎች አየች። ከዚያ እኛን።

"ምነው? ወደ ፊት ጠጋ አትሉም?"

"እዚህ ይሻለናል" አለ ጆንጊ።