ከፓርኪንጉ ዳር የተዘራው ሱፍ

ሜይ 17፣ እሑድ
ከቅዳሴ በኋላ ከእትዬ ማራኪ ጋር ቤተ ክርስቲያናችን ፓርኪንግ ዳር ሱፍ ዘራን። ዘሩን እህታቸው ከአገር ቤት የላኩላቸው ነው። "ለዓቢይ ጾም የራሳችንን ሱፍ እንፈተፍታለን" እያሉ ሲቆፍሩ ደስታቸው...

"ማዳበሪያ ይፈልጋል?" አሉኝ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች ሁሉ እየሰሙ። "የኛ ዶክተር ያውቃል!"

ዶክተር? ገና ተማሪ ነኝ። አላረምኳቸውም፤ እንዲያውም ደስ አለኝ። "ፎስፈረስ ያንሰዋል" አልኩ፣ አፈሩን ሳልለካ። በየጉድጓዱ ከዘሩ ጋር ዳፕ ማዳበሪያ ጨመርኩ። በደንብ አድርጌ።

ሜይ 30
ግማሹ አልበቀለም። የበቀለውም ቅጠሉ ጠርዝ ጠርዙን ተቃጥሏል። ይህን መልክ ዩኒቨርሲቲው ግሪንሃውስ ውስጥ በየቀኑ አየዋለሁ እኮ... ጨው! ሰው ሳያየኝ አፈሩን ለካሁት፤ እውነትም ጨዋማ ነው። የማጠናው የባሕር ዳርቻ አፈር ነው። እዚህ ኮሎምበስ ከተማ ምን ባሕር አለ ብዬ ከመጀመሪያው ጨው አልጠረጠርኩም።

በበረዶው ወራት እዚህ የበረዶ ማቅለጫ ጨው ሲበትን የከረመው ማን ነው? እኔ። በረዶውንስ ከነጨው ዝቄ የት ከመርኩት? እዚሁ። በዚያ ላይ ዳፕ! ማዳበሪያም ጨው ነው። ጨዋማ አፈር ላይ ከዘሩ ራቅ አድርጎ፣ በልኩ ነው የሚጨመረው። የመመረቂያ ጽሑፌ እኮ ስለዚሁ ነው። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ጁን 7
ሁሉም ደረቀ። "የኔ እጅ ነው። ምን ይቀናዋል ድሮስ" አሉ እትዬ ማራኪ። "አይዞዎት" አልኩ። አይዞዎት! አፌ እንዴት አወጣው?

ጁን 14
ዛሬም አልነገርኳቸውም። በጓሮ በር ሹልክ ብዬ ወጣሁ።

ጁን 20፣ ቅዳሜ
ለነገው ጸበል ጻዲቅ ዳቦ ሊቦካ ነው። ሁሌ የሚያቦኩት እትዬ ማራኪ ናቸው። ዛሬ ግን ጥግ ይዘው ተቀመጡ። "ሌላ ያቡካው። ይሄ እጅ አይሆንም።"

አልቻልኩም። ሴቶቹ ሁሉ ፊት... "እጅዎ ምንም አላደረገም። ጨውን የከመርኩት እኔ፣ ዳፑን ያበዛሁት እኔ። ዶክተርም አይደለሁም።"

ወደ እኔ ዞሩ። "ጨውን የበተንከው እኛ እንዳንወድቅ ነው። ሱፉም ይሁን፣ ሌላ ይላካል። እጄን ስረግም እያየህ ዝም አልከኝ?"

መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ተነሱ። እጅጌያቸውን ሰብስበው እጃቸውን ዱቄቱ ውስጥ ከተቱ።

"ፍሥሐ፣ ውሃ አፍስስልኝ።"

በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም ነበር። ቀና ብዬ ፊታቸውን ማየት አቃተኝ። እጃቸውን እያየሁ ቀስ አድርጌ አፈሰስኩላቸው።