እማሆይ በለጡ ዋስ ሆኑኝ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት ሚካኤል

ክሩ መርፌው ውስጥ አልገባ አለኝ። በመጨረሻ ጎረቤቴን ጠርቼ አስገባሁ። ክር የሚያስገባለት ሰው የሚለምን ልብስ ሰፊ፣ በሞላሌ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። አረቄው ነው እጄን የነሳኝ። ሚስቴ አስካለ ልጃችንን አዝላ ዘመሮ ካለው አባቷ ቤት ከገባች ወዲህ ደግሞ ብሶብኛል።

የላክኋቸው ሽማግሌዎች ዛሬ ተመለሱ። አማቴ ያሉት ይህን ነው፦ «ልጄን የዳርኳት ለሰው ነው፣ ለአረቄ አይደለም። የማይጠጣ ዋስ ያቅርብና ይውሰዳት።»

በዚህ ብርድ አገር የማይጠጣ ሰው ከየት ይመጣል? በቀጥታ እንቢ ቢሉኝ ምን ነበረበት!

ረቡዕ

ተገኘ። የንስሐ አባቴ ናቸው የጠቆሙኝ። ኪዳነ ምሕረት ጠበሉ አጠገብ መጠጥ የተዉ ሰዎች ይሰበሰባሉ። አገሩ «የውኃ ማኅበር» እያለ ይስቅባቸዋል። እኔም ስቄባቸው አውቃለሁ።

እንደ ሌላው ማኅበር ጽዋ አላቸው፤ የሚቀዳበት ግን ጠበል ነው። አንድ የበቅሎ ነጋዴ፣ አንድ ጡረተኛ ወታደር፣ ሌሎችም አሉ። የሚመሯቸው እማሆይ በለጡ ናቸው። ከመመንኮሳቸው በፊት አረቄ አውጪ ነበሩ። «እየቀመስኩ አወጣሁ፣ እየቀመስኩ ጠፋሁ» አሉኝ፣ ምንም ሳያፍሩ።

ሥርዓታቸው ጉድ ነው። አዲስ ገቢ ከመሃላቸው ዋስ ይሰጠዋል። ከጠጣ፣ ለቅጣት የሚሰግደው ዋሱ ነው፤ ጠጪው ቆሞ ያያል። «ምነው እኔው ብሰግድ?» አልኩ። «አንተማ ትለምደዋለህ» አሉ።

ዋሴ ማን ሆነ? እሳቸው ራሳቸው! ያለ ምርኩዝ አይራመዱም። «እማሆይ፣ ጉልበትዎ...» ብል፣ «እንግዲያስ አትጠጣ» ብለው ዘጉኝ። በኪዳነ ምሕረት ስም አረቄ ላልቀምስ ማልሁ። እስከ ቅዳሜ ከጸናሁ ለአማቴ ቃል ሊልኩልኝ ነው።

ልንወጣ ስንል የቀበሌው ሊቀመንበር መጣ። «ያለ ፈቃድ የምን ስብሰባ ነው?»

ወታደሩ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ «ጓድ ሊቀመንበር፣ የማንጠጣ ሰዎች ነን!» አለ።

«ላለመጠጣት ስብሰባ ምን ያደርጋል?»

 በኛ አገር ሰው የሚሰበሰበው ለመጠጣት ነው፤ ቢጠረጥር አይፈረድበትም።

ሐሙስ

የጎረቤት ተዝካር ነበር። አለመሄድ ነውር ነው። አረቄው በፊቴ ሲያልፍ እጄን አልዘረጋሁም፣ እግዜር ያውቃል። ጠላ ሲመጣ ግን ተቀበልኩ። ጠላ እኮ እህል ነው። የማልኩት አረቄ ብዬ ነው እንጂ ጠላ ብዬ አይደለም። አጠገቤ የነበሩትም «እውነቱን ነው» አሉ።

ሰከርኩ አልልም። ቤቴ ስደርስ ግን በሩ መስሎኝ ግድግዳውን ስገፋ ነበር።

ዓርብ

ራሴ ሊፈነዳ ነው። የምሰፋውን የካኪ ሱሪ አንዱን እግር ገልብጬ ሰፋሁት፤ ተርትሬ እንደገና።

ከማኅበሩ ተዝካሩ ላይ የነበረ የለም። ዝም ብል ማን ያውቃል? ነገ እማሆይ «ጸንቷል» ብለው ይልካሉ፣ አስካለ ትመጣለች፣ አለቀ። ብናገር አስካለ እዚያው ትቀራለች፣ አሮጊቷም በዚያ ጉልበታቸው ድንጋይ ላይ ይወድቃሉ። ዝም ብል ለሁላችንም አይሻልም? ቀኑን ሙሉ ይህን ሳወጣ ሳወርድ ዋልኩ። ቆይ፣ ጠላ እህል ከሆነ ለምን አፈርኩ?

ቅዳሜ፣ ኪዳነ ምሕረት

ተናገርኩ። ዝም ልል ነበር የሄድኩት። እማሆይ መልእክተኛውን ጠርተው «በል፣ ‹ጸንቷል፣ ዋሱ እኔ ነኝ ብላለች› በልልኝ» ሊሉ ሲጀምሩ አፌ አልታዘዝ አለኝ። «ሐሙስ ጠላ ጠጥቻለሁ። አረቄ አይደለም ብዬ» አልኩ።

ወታደሩ ከት ብሎ ሳቀ። «እኔም በጠጅ ነው የገባሁበት። ማር ነው ብዬ!» ሁሉም ሳቁ። እማሆይ ብቻ አልሳቁም። ምርኩዛቸውን አስያዙኝና መስገድ ጀመሩ።

ጉልበታቸው ሲንቋቋ ይሰማል። ላነሳቸው ጎንበስ ስል «ተወኝ! ዕዳው የኔ ነው!» ብለው ጮሁብኝ። እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ሲጨርሱ መልእክተኛውን፣ «ሐሙስ ጠጥቷል፣ ራሱ ነገረን ብለህ ንገራቸው» አሉት። ዋስነታቸውን ግን አልተዉም።

እሑድ

አስቀድሼ መጥቼ ተኛሁ። አልጠጣሁም። አላማረኝም ብል ውሸት ነው። አሁን አስካለ ትመጣለች ማለት ዘበት ነው።

ሰኞ

መጣች!

ካኪውን ስተኩስ ቀና ብል በሩ ላይ ቆማለች። ብቻዋን ናት። ካውያውን ልብሱ ላይ ረስቼው ሊያቃጥለው ነበር፤ እሷ ናት ሮጣ ያነሳችው።

«አባባ ‹ጠጥቷል፣ አትሄጂም› አሉ» አለችኝ። «እኔ ግን መጠጣቱን ማን ነገራችሁ ብዬ መልእክተኛውን ጠየቅኩት። ራሱ ነው አለኝ። ካገባሁህ ጀምሮ ‹ጠጣሁ› ስትል ሰምቼ አላውቅም። አፍህ እየሸተተ ‹አልቀመስኩም› ነበር የምትለኝ።»

 እውነቷን ነው።

ልጅቷን አላመጣቻትም። ጠየቅኳት። «እሷ እዚያው ትቆይ» አለች። ጥቅልሏንም አልፈታችም። ረቡዕ ማኅበሩ ዘንድ ሄዳ እማሆይን ልታይ ትፈልጋለች።

«ተመልሰሽ ነው እንግዲህ?» አልኳት።

«እንጃ» አለች። «ዛሬ ግን እዚህ ነኝ።» ከዚያ እሳት ልታያይዝ ገባች።